ከእርሳስ ወደ ስክሪን

ባለፈው ዓመት የአንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪያችን ስልክ ወድቆ ሲሰበር የዓመት ሙሉ ሥዕሏ አብሮ ጠፋ። ቢሮዬ መጥታ ስታለቅስ «በወረቀት ብትሠሪው ኖሮ» ልላት ቃጣኝና ተውኩት። እኔም በተማሪነቴ ሥዬ እዚህ ጅቡቲ ድረስ ይዣቸው የመጣሁትን ሥዕሎች ወበቁና እርጥበቱ አሻግቶ አበላሽቶብኛል። ወረቀቱም ስክሪኑም የየራሱ ጠላት አለው።

በወደቡና በነፃ የንግድ ቀጠናው የምትሠሩ ወላጆች «ኮምፒዩተር ከሣለው ልጄ ምን ተማረ?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በአጭሩ ላስረዳ።

በጽሑፍ ታዝዞ ሥዕል የሚያወጣው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሌላ ነገር ነው። በዲጂታል ሥዕል ግን መስመሩን የሚያሰምረው የልጁ እጅ ነው። የእጅን ጫና የሚለይ የስክሪን ብዕር ጠበቅ ሲያደርጉት ያወፍራል፣ ላላ ሲያደርጉት ያቀጥናል። ብርሃን ከየት እንደሚመጣና ሩቅ ያለ ነገር ለምን እንደሚያንስ ማወቅ ያለበት ልጁ ራሱ ነው። ለዚህ ትምህርት በየቀኑ ከምናየው ኮንቴነር የተሻለ መማሪያ የለም፤ ጠርዞቹ እየራቁ በሄዱ ቁጥር ተቀራርበው ወደ አንድ ነጥብ ያመራሉ። ይህን በእርሳስ ያልተለማመደ ልጅ በስክሪንም ላይ ኮንቴነሩ ይጣመምበታል።

ልጆች በጣም የሚወዱት «ሌየር» የሚባለውን ነው። እንደ ስስ ብርሃን አሳላፊ ወረቀት የተደራረቡ ገጾች ናቸው፤ አንዱን ሲያርሙ ሌላው አይነካም። አሠራሩ ለእኛ ባዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንም መጀመሪያ ንድፉን ያወጣሉ፣ ከዚያ ቀለሙን ይሞላሉ፣ በመጨረሻ በጥቁር መስመር ይለያሉ። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌም በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ ያለውን 150 ካሬ ሜትር የባለቀለም መስታወት ሥራቸውን የጀመሩት በንድፍ ነው። መሣሪያው ቢለወጥም እጁ ያው ነው።

መጀመር ለምትፈልጉ ተማሪዎች መንገዱ ቀላል ነው። ሥዕሉን በእርሳስ ንደፉ፤ በቀን ብርሃን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡት። በኮምፒዩተር ክሪታን፣ በስልክ አይቢስ ፔይንትን ያለ ክፍያ መጠቀም ይቻላል። ፎቶውን ከታች አድርጉና አደብዝዙት፤ ከላዩ አዲስ ሌየር ከፍታችሁ መስመሩን አውጡ። ለኅትመት የሚሆን የኤ4 ገጽ 2480 በ3508 ፒክስል ይሁን፤ ያነሰ ከሆነ ሲታተም ይደበዝዛል። በቴሌግራም ስትልኩ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩ። ሥራችሁን ምንጊዜም ሁለት ቦታ አስቀምጡ።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። የመመለሻው ቁልፍ ስሕተትን ወዲያው ስለሚያጠፋ ልጁ የተሳሳተበትን ሳያየው ያልፋል። በወረቀት ላይ ግን የተፋቀው መስመር ምልክቱ ይቀራል፤ ልጁም ከዚያ ይማራል። ስለዚህ ስክሪን ከመክፈታችሁ በፊት በየቀኑ አሥር ደቂቃ በእርሳስ ሣሉ። ወላጆችም ታብሌት ከመግዛታችሁ በፊት ደብተር ግዙላቸው።

ያቺ ተማሪ ዘንድሮ እንደገና ጀምራለች። በዚህ መጽሔት የምታዩት የወደቡ ክሬን ሥዕል የእሷ ነው። የእርሳስ ንድፉ ደግሞ ደብተሯ ውስጥ አለ።