መጽሐፍና ነሺዳ ለልጆቻችን፦ የሻጭ ምክር አማና ነው



ዒድ ሲቃረብ ለልጆቻችን ልብስና ጫማ እንገዛለን። ከዚያ የተረፈች ገንዘብ ካለች ደግሞ አንድ መጽሐፍ ወይም አንድ የነሺዳ አልበም ይታሰባል። ነገር ግን በደራ ወረዳ ዋና ከተማ በአንበሳሜ፣ ወይም በጣና ዙሪያ ባሉ ሌሎች ትናንሽ ከተሞች የሚኖር ወላጅ ሰፊ ምርጫ የለውም። መጽሐፍ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጠው ሰው ነው። እሱ ዘንድ ከጠፋ ባሕር ዳር ለሚሄድ ሰው መላክ ነው። «ለልጅ የሚሆን ምን አለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሻጭ፣ በዚያች ደቂቃ ሳያስበው የልጁ መምህር ሆነ ማለት ነው።

ምክር የተጠየቀ ሰው አማና እንደተጣለበት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ይህ ለዓሊምና ለሐኪም ብቻ የተነገረ አይደለም። ሳያነብ «ይህ ግሩም ነው» የሚል፣ ሳያዳምጥ «ይህን አልበም ውሰድ» የሚል ሻጭም በዚህ አማና ውስጥ ነው።

መጽሐፉ ለማን ተጻፈ?

የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም በ1961 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማርኛ የተዘጋጁ በርካታ ኢስላማዊ መጻሕፍት ለሕዝብ ቀርበዋል፤ አልሐምዱሊላህ። ይሁንና አብዛኞቹ የተጻፉት ለአዋቂ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለ ውርስ ሕግ የሚያትት መጽሐፍ ቢሰጠው በሦስተኛው ገጽ ይዘጋዋል። የከፋው ነገር፣ መጽሐፍ ሁሉ እንዲያ አሰልቺ ይመስለዋል። ልጆቻችን ጠዋት በትምህርት ቤት ፊደል፣ ከሰዓት በመድረሳ አሊፍ ባ ይቆጥራሉ። በሁለት ጽሕፈት እየደከሙ፣ በሚገባቸው ቋንቋ ስለ ዲናቸው የሚያነቡት ግን እምብዛም አያገኙም።

ክፍተትን አስቀድሞ የሚያየው መደርደሪያውን የሚያውቅ ሰው ነው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሳለ በአማርኛ የተዘጋጀ የልጆች መጽሐፍ ፈልጎ ያጣ ሰው ነው። አጣሁ ብሎ አልተቀመጠም። የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተመ። በ2003 ደግሞ በአዲስ አበባ የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። የእኛም መጽሐፍ ሻጮች ወላጆች ጠይቀው ያጡትን በደብተር ቢመዘግቡና ለአሳታሚዎች ቢያስታውቁ ትልቅ ኸይር ሥራ ነው።

ለጆሮስ?

የወሎ ዑለማዎች ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ዲኑን በመንዙማ አስተምረዋል። እንደ ሸህ ጦልሃ ጀዕፈር ያሉት በአማርኛ የገጠሙትን በዐረብኛ ፊደል ጽፈው አቆይተዋል። ኋላም ካሴት ሲመጣ የሸህ ሙሐመድ አወል ሐምዛ ድምፅ በየቤቱ ገባ። ዛሬ ካሴቱ ቀርቶ መንዙማውና ነሺዳው በስልክ ሜሞሪ ይጫናል። ሻጩ አንዱን ከሌላው ሳይለይ መቶውን በአንድ ጊዜ ሲጭን ወላጁ ምን እንደገዛ እንኳ አያውቅም።

የሙዚቃ መሣሪያን በተመለከተ ዑለማዎች የተለያየ አቋም አላቸው። ድቤን የፈቀዱ አሉ፤ ከዚያ ያለፈውን ብዙዎቹ ከልክለዋል። በዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚያምናቸውን ዓሊም ይጠይቅ። ከዚያ በተረፈ ሻጩም ወላጁም ሦስት ነገር ይመርምሩ። ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል? በውዳሴው ውስጥ ወሰን ያለፈ፣ ከተውሒድ ጋር የሚጋጭ ንግግር የለበትም? ልጁስ የሚሰማውን ይረዳል? ዜማው ቢያምርም ትርጉሙ ካልገባው ልጁ ያተረፈው ዜማውን ብቻ ነው።

ምን እንምረጥ?

በመጀመሪያ መጽሐፉን ከመግዛታችን በፊት ልጁ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብልን። በዚያች ገጽ አምስት ያህል ቃላት ካደናቀፉት መጽሐፉ ገና ነው፤ እስኪደርስበት ወላጅ ያንብብለት። ሻጩም «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? ብቻውን ያነባል ወይስ ይነበብለታል?» ብሎ ይጠይቅ።

ቀጥሎ ልጁ ራሱንና አገሩን የሚያገኝበትን ታሪክ እናስቀድም። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በልጅነታቸው ያሳደገቻቸው በረካ ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) ሐበሻ ነበረች። የመጀመሪያው ሙአዚን ቢላልም (ረ.ዐ) ሐበሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ሙስሊሞች ወደ አገራችን ተሰደው በመጡ ጊዜ ጀዕፈር (ረ.ዐ) በነጃሺ ፊት ከሱረቱ መርየም ቀርቷል። ንጉሡም ሰምቶ አልቅሷል፤ ስደተኞቹንም አሳልፎ አልሰጠም። እነዚህን ታሪኮች በአጭር ዓረፍተ ነገር፣ በሥዕል ሳይሆን በካርታና በትልልቅ ፊደል ያቀረበ መጽሐፍ ከተገኘ ሻጩ ከፊት ያስቀምጠው። ከዓለማዊውም የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ከፍ ላሉ ልጆች ቋንቋ ያበለጽጋል።

ውድ ወላጆች! ሻጩን መጠየቅ መልካም ነው፤ ግን አማናውን ሁሉ በእሱ ላይ አንጣል። ለልጃችን የምንሰጠውን መጽሐፍ አስቀድመን እናንብበው፤ ነሺዳውን አብረን እናዳምጠው። የመጀመሪያው ወሕይ «አንብብ» በሚል ትእዛዝ መጀመሩን አንርሳ። አላህ ጠቃሚውን ዒልም ለልጆቻችን ያግራላቸው። አሚን።