ስለ ግብር መዝገብ ግልጽነትና ስለ ሹም ታማኝነት

ሹመት አደራ ነው፤ አደራም ሁሉ የሚቈጠርበት ቀን አለው። ገበሬ የሹሙን ታማኝነት የሚመዝነው ግብሩን በሚከፍልበት ቀን ነው። የከፈለው ገንዘብ በፊቱ በመዝገብ ከተጻፈለት፣ ደረሰኙም በእጁ ከተሰጠው፣ መንግሥቱን ያምናል፤ ይህ ከቀረበት ግን ሹሙን ይፈራዋል እንጂ አያምነውም። ፍርሃትም ግብርን አንድ ዓመት ቢያስከፍል ሁልጊዜ ሊያስከፍል አይችልም። ይህ ነገር እውነት መሆኑን ካለፈው የአገራችን ታሪክ ጥቂት ምሳሌ አምጥተን እናመለክታለን።

ከ1934 ዓ.ም. በፊት በብዙው አገር ሹሙ የሚኖረው ከሚገዛው ሕዝብ በሚቀበለው ግብርና መስተንግዶ ነበር። ለግምጃ ቤት የሚገባውና ለሹሙ ቤት የሚቀረው ድንበሩ በጉልህ ስላልታወቀ፣ ደጉ ሹም ሲሾም ሕዝቡ ያርፋል፤ ክፉው ሲሾም ይጨነቃል። በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር አስተዳደር ደንብ ግን አገሩን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ከፍሎ፣ ገዢዎቹ በደመወዝ እንዲያድሩ፣ ግብሩም ለገንዘብ ሚኒስቴር እንዲገባ አዘዘ። የዚህም ደንብ ጥበቡ የሚያዝዘውን እጅና ገንዘብ የሚቀበለውን እጅ መለየቱ ነው። ሁለቱ እጆች አንድ ሲሆኑ ተቈጣጣሪ የለም፤ ሁለት ሲሆኑ ግን አንዱ የሌላው ምስክር ይሆናል።

ነገር ግን ደንብ መውጣቱ ብቻ አይበቃም። በጥቅምት ወር 1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን በሦስት ከፍሎ፣ በአንድ ጋሻ ለለም 15 ብር ግብርና 35 ብር አሥራት፣ ለለም ጠፍ 10 ብር ግብርና 30 ብር አሥራት፣ ለጠፍ 5 ብር ግብርና 10 ብር አሥራት ወሰነ። ጎጃም፣ በጌምድርና ትግሬ ግን በዚህ ልክ አልገቡም ነበር። ድምሩም በየተራው 50፣ 40 እና 15 ብር ይሆናል። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። ዐሥር ጋሻ ለም መሬት ያለው ባለርስት በመዝገብ ላይ «ጠፍ» ተብሎ ቢጻፍለት፣ በዓመት 350 ብር፣ በ10 ዓመትም 3,500 ብር ከግምጃ ቤት ይጎድላል። መሬቱ ጠፍ የሆነው ድኻ ደግሞ «ለም» ተብሎ ቢጻፍበት፣ ከሚገባው ከሦስት እጥፍ የበለጠ ይከፍላል። ይህን ጥፋት ለማድረስ ጋሻና ጦር አያስፈልግም፤ አንድ ብርዕና አንድ የተዘጋ መዝገብ ይበቃል።

አሥራቱንም ቢሆን ብዙ ባለርስቶች በጭሰኛው ጫንቃ ላይ ጣሉት። በ1960 ዓ.ም. አሥራት ቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብር በተተካ ጊዜ እንኳ፣ አንዳንዶቹ ከጭሰኛው መቀበላቸውን አልተዉም። አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ነበር፤ ነገር ግን ፊደል ላልቈጠረ ጭሰኛ፣ በገበያ ቀን ቆሞ የሚያነብለት ከሌለ፣ ያ አዋጅ እንዳልወጣ ይቈጠራል።

በዚያው ዓመት በጎጃም የሆነው ለሹም ሁሉ ትምህርት ነው። አዲሱን ግብር የሚገምቱ ሰዎች ወደ ገጠር ሊገቡ ሲነሡ፣ ሕዝቡ መሬታችን ተለክቶ ርስታችን ሊወሰድ ነው ብሎ ሠጋ። በጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደር ላይ የቈየ ብሶትም ስለ ነበረው፣ የሚነገረውን ማስተባበያ አላመነም፤ መሣሪያ አንሥቶም ተዋጋ። ጦር ተላከ፤ ደምም ፈሰሰ። በመጨረሻ አገረ ገዢው ከጎጃም ተነሡ፤ የተከማቸውም ውዝፍ ግብር ለሕዝቡ ተማረለት። አስቀድሞ እምነት ቢኖር ኖሮ በአንድ ቀን ጉባኤ ሊገለጽ ይችል የነበረውን ነገር፣ እምነት ስለ ጠፋ የጦር ሠራዊትም ሊያስረዳው አልቻለም። መንግሥትም ግብሩን አጣ፤ ሕዝቡም ልጆቹን አጣ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚል ተረት በአገራችን አለ። ይህ ተረት ብዙ ሰው አሳስቷል። የበላው ሹም ሲሻር የሚከተለው ጸጸት ብቻ አይደለም፤ ክስና እፍረት ለልጆቹም ይተርፋቸዋል። ደግሞ እጅ መንሻና መማለጃ አንድ እንዳይመስሉን መጠንቀቅ ይገባል። እጅ መንሻ ጉዳይ የሌለው ሰው ስለ አክብሮት በአደባባይ የሚያቀርበው ነው፤ መማለጃ ግን ጉዳይ ያለው ሰው በስውር የሚሰጠው ነው። መለያውም ቀላል ነው፤ ተቀባዩ በባላጋራው ፊት ሊቀበለው የሚያፍርበት ከሆነ፣ የማር እንስራም ቢሆን መማለጃ ነው።

ዛሬ ባለርስትና ጭሰኛ የሚባል ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. ቀርቷል፤ መዝገብና ማኅተም የያዘ ሹም ግን አልቀረም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ12ኛው አንቀጽ የመንግሥት ሥራ ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዝዛል። በ1993 ዓ.ም. የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ሹማምንት ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ የሚያስገድድ አዋጅ ወጣ። በ1990 ዓ.ም. በትግራይ ተጀምሮ ወደ ሌሎቹም ክልሎች የተስፋፋው የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር፣ ቀድሞ በሹም ሣጥን ይቀመጥ የነበረውን መረጃ ለገበሬው በእጁ ያስያዘ ነው።

ስለዚህ ለወረዳና ለቀበሌ ሹማምንት የምናሳስበው ይህ ነው። ፊተኛው፣ የመሬቱ መጠንና የግብሩ ልክ ከነባለቤቱ ስም በየዓመቱ በገበያ ቀን ይነበብ፤ ስሕተት ያለበት በጎረቤቱ ፊት ይናገር። ሁለተኛው፣ መሬቱን የሚገምተው ሰው ገንዘቡን አይቀበል። ሦስተኛው፣ ደረሰኝ ሳይጻፍ አንድ ብር እንኳ ከገበሬ እጅ አይወሰድ፤ የደረሰኙም ቅሪት በተራ ቍጥሩ ይጠበቅ። አራተኛው፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለመንገድ ተብሎ ከሕዝብ የተዋጣ ገንዘብ፣ ሥራው ሲፈጸም ገቢና ወጪው ላዋጣው ሕዝብ ይነገር።

ነቢዩ ሳሙኤል ሸምግሎ ሕዝቡን ለንጉሥ ባስረከበ ጊዜ፣ በሁሉ ፊት ቆሞ በሬውን ወይም አህያውን የወሰደበት ሰው ካለ ይመስክርብኝ ብሎ እንደ ጠየቀ እናነባለን፤ የመሰከረበትም አልተገኘም። መዝገቡን ገልጦ የሚያሳይ ሹም ይህን ጥያቄ በሚሻርበት ቀን ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሌሊትም ያለ ሥጋት ይተኛል።