ጠገራ ብር በማን እጅ ይላክ?

መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚወጣው ምእመን ስለ ግማደ መስቀሉ ጉዞ ብዙ ይሰማል። ትውፊቱ እንደሚለው ዐፄ ዳዊት መስቀሉን ከግብጽ ተቀብለው ሲመለሱ ስናር ላይ ዐረፉ፤ ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደግሞ ወደ አገር አስገብተው፣ የመስቀል ቅርጽ ያለውን አምባ ፈልገው እስኪያገኙ ድረስ ብዙ ዞሩ። ከዚያም መስቀሉ በወርቅ ሣጥን፣ የወርቁ በብር፣ የብሩ በመዳብ፣ የመዳቡ በብረት ሣጥን ገብቶ በግሸን ተቀመጠ ይባላል። የከበረ ነገር እንዴት እንደሚታሸግና በአደራ እንደሚሸኝ እንዲህ አድርጎ በሚተርክ አገር፣ አንድ የምኒልክ ብር በካኪ ፖስታ ተጠቅልሎ ለማይታወቅ ሾፌር ሲሰጥ ማየት ያሳዝናል።

የምኒልክ ብር ለአምባሰል ሰው ባዕድ አይደለም። ከግሸን ጋር በአንድ ወረዳ ያለችው ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. ስመ ጥሩው ውል የተፈረመባት ናት። ደጃዝማች መኮንን በቀጣዩ መስከረም ኢጣሊያ ውስጥ በፈረሙት ተጨማሪ ውል ላይ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ገንዘብ በኢጣሊያ እንዲመታ የሚል አንቀጽ ገብቶ ነበር። ውሉ ሲፈርስ ያም ቀረና ብሩ በፓሪስ ተመታ። በላዩ ላይ 1887 የሚል ዓመት የተቀረጸበት፣ 28 ግራም የሚጠጋ፣ ከሺህ 835 እጁ ንጹሕ ብር የሆነ ገንዘብ ነው።

ከእሱ በፊት አገሩን የሞላው የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ነበር። ጠገራው በቪየናም፣ በሮምም፣ በለንደንም፣ በቦምቤይም ቢመታ የሚያሳየው ዓመት ያው 1780 ነው፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ በላቲን «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ጽሑፍ ይዞራል። ሰብሳቢዎች በጣት የማይዳሰሱ ጥቃቅን ልዩነቶችን እያዩ አንዱን ጠገራ ከሌላው በብዙ እጥፍ ያስበልጣሉ። ዛሬ ሻጩ ደሴ፣ ገዢው አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ሆኖ ዋጋው በስልክ ይቆረጣል። ዋጋው ካለቀ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ማን ያድርሰው የሚለው ነው።

ከደሴ አዲስ አበባ ዕቃ መላክ የፈለገ ሰው ብዙውን ጊዜ መናኸሪያ ይሄዳል። ለሾፌሩ ወይም ለረዳቱ ጥቂት ብር ሰጥቶ፣ ታርጋውንና ስልኩን መዝግቦ ወደ ተቀባዩ ይደውላል። ለቅቤም ለበርበሬም ይህ መንገድ ፈጣን ነው። ዕቃው ከጠፋ ግን በሻጩ እጅ ያለው ማስረጃ የስልክ ቁጥር ብቻ ነው፤ ምን እንደተላከ፣ ስንት እንደሚያወጣ፣ ማን መቼ እንደተረከበው የሚያሳይ ወረቀት የለም። ሰው አገኘሁ ተብሎ ለአሜሪካ ተጓዥ «እባክህ ይህችን አድርስልኝ» ማለት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ስለዚህ ቦሌ ላይ የሚያዘውና መልስ የሚጠየቀው መልእክተኛው ነው። አሮጌ ገንዘብ ወደ ውጭ የሚልክ ሰው ማጓጓዣ ከመፈለጉ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ አለበት። የአክሱም ነገሥታት ሳንቲሞች፣ በተለይ በመስቀላቸው ዙሪያ ወርቅ የተለበጡት፣ የአገር ታሪክ ሰነዶች ናቸውና በግል ሽያጭ ከአገር መውጣት የለባቸውም።

ብዙ ሰው ስመ ጥር የአየር መልእክት ድርጅት ካገኘ ነገሩ እንዳለቀ ይቆጥረዋል። ሆኖም እነዚህ ድርጅቶች የማይቀበሏቸውን ዕቃዎች ዝርዝር ያወጣሉ፤ ገንዘብና ያልተሠራ የከበረ ማዕድን በአብዛኛው እዚያ ውስጥ አሉ። የሰብሳቢ ሳንቲም ቢቀበሉ እንኳ የሚከፍሉትን ካሳ ጣሪያ ያበጁለታል። ዝርዝሩን ሳያነብ «ጌጣጌጥ» ወይም «ስጦታ» ብሎ ያስመዘገበ ሻጭ፣ ዕቃው በጠፋ ጊዜ ካሳ መጠየቂያውን በገዛ ፊርማው አጥቷል ማለት ነው።

በዚህ ላይ የሕጉ ስሌት አለ። ኢትዮጵያም የተቀበለችው የሞንትሪያል የአየር ማጓጓዣ ስምምነት፣ ላኪው ልዩ ዋጋ አስመዝግቦ ተጨማሪ ካልከፈለ በቀር የጭነትን ካሳ የሚወስነው በክብደት ነው። ከ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ጣሪያው በኪሎ 26 ኤስዲአር ሲሆን፣ ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው። ከነማሸጊያው 100 ግራም የሚመዝን ጠገራ ቢጠፋ በዚህ ስሌት ካሳው ሦስት ኤስዲአር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የትኛውም ድርጅት ባንኮኒ ላይ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ «ሳንቲም መሆኑን ጽፌ ዋጋውን ባስመዘግብ ትቀበላላችሁ?» የሚለው ነው። መልሱ በጽሑፍ ካልተሰጠ ሌላ ቤት መሄድ ይሻላል።

ፖስታ ቤት ቀርፋፋ ነው እየተባለ ይታለፋል። ነገር ግን ለእንዲህ ያለ ዕቃ የተሠራ አሠራር ያለው እሱ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ፖስታን ያቋቋሙት የፓሪሱ ብር በተመታበት ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ኢትዮጵያም በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። የኅብረቱ ደንብ ሳንቲምና የከበረ ማዕድን በተራ ደብዳቤ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል፤ የላኪውና የተቀባዩ አገር ሕግ ሲፈቅድ ግን ኢንሹራንስ በተገባለት ጥቅል እንዲሄድ መንገድ ይከፍታል። እያንዳንዱ አገር የራሱን ገደብ ስለሚጨምር፣ የሚላክበት አገር የሚከለክለውን ዝርዝር ፖስታ ቤቱ እንዲያሳይ መጠየቅ ተገቢ ነው። በአደራ የሚላክ ጥቅል ቁጥር ይሰጠዋል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ በፊርማ ነው። ቀርፋፋነቱም የሚመጣው በአብዛኛው ከዚሁ ቁጥጥር ነው።

ለዚህ ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ በ1958 እ.ኤ.አ. የሆነው ነው። የኒውዮርኩ ጌጥ ነጋዴ ሃሪ ዊንስተን «ሆፕ» የተባለውን 45 ካራት ያለፈ ሰማያዊ አልማዝ ለስሚዝሶኒያን ሙዚየም ሲለግስ የላከው በአደራ ፖስታ ነበር። ጠቅላላ የከፈለው 145 ዶላር ከ29 ሳንቲም ሲሆን የፖስታው ዋጋ 2 ዶላር ከ44 ሳንቲም ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ለኢንሹራንስ ሄደ። የአሜሪካ ፖስታ ዛሬም በአገሩ ውስጥ በአደራ የሚላክን ጥቅል እስከ 50,000 ዶላር ዋስትና ይሰጠዋል፤ የማሸጊያው ስፌት ሁሉ ማኅተም ሊረግጥበት በሚችል የወረቀት ፕላስተር እንዲዘጋም ያዛል። የሚያብረቀርቅ ፕላስተር ተነቅሎ ሲመለስ ምልክት አይተውም፤ ወረቀት ግን ይቀደዳል።

ማሸጉም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ብሩ አይታጠብም፣ አይወለወልም፤ ያረጀ መልኩ ከዋጋው ግማሽ ነው። ፒቪሲ ያለበት ለስላሳ ፕላስቲክ ውሎ አድሮ አረንጓዴ ዝቃጭ ይተውበታልና ከሱ ነጻ በሆነ መያዣ ይገባል። ከዚያ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል ተጣብቆ በትንሽ ሣጥን፣ ትንሹም በትልቅ ሣጥን ይገባል። አንዴ ነቅነቅ ተደርጎ ይደመጥ። የብር ድምፅ ከተሰማ እንደገና ይታሸግ፤ ያን ድምፅ መጋዘን ውስጥ ያለ ሌባም ይሰማዋል። ከውጭ የላኪው የንግድ ስም «አሮጌ ገንዘብ» የሚል ከሆነ በሰውየው ስም ይተካ፤ ይዘቱ የሚጻፈው በጉምሩክ ቅጹ ላይ ነው።

ከመታሸጉ በፊት የሁለቱም ፊትና የጠርዙ ፎቶ ይነሣል፣ ክብደቱም እስከ ግራም መቶኛ ይለካል። የታሸገው ጥቅል ደግሞ ባንኮኒው ላይ ተመዝኖ ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ መስፈሩ ይታያል። ተቀባዩ የፖስታ ሣጥኑ ውስጥ የመጥሪያ ወረቀት አግኝቶ ሲሄድ ከመፈረሙ በፊት ጥቅሉን እንዲያስመዝን ሻጩ አስቀድሞ ይንገረው። ክብደቱ ከጎደለ ወይም ማኅተሙ ከተቀደደ እዚያው ሠራተኛው ፊት ተከፍቶ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ከተፈረመ በኋላ ቤት ውስጥ የተገኘ ጉድለት በማን እጅ እንደደረሰ ማስረዳት ከባድ ነው፤ የአቤቱታው ጊዜም ገደብ ስላለው ደረሰኙ ገዢው «ደርሶኛል» ብሎ እስኪጽፍ ድረስ አይጣልም።