የውጭ ንግድ እንዴት ይለካል?

ስለ ውጭ ንግድ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ጥያቄ «አገራችን አተረፈች ወይስ ከሰረች?» የሚል ነው። መልሱም ቀላል ይመስላል፤ ከሸጥነው ላይ የገዛነውን መቀነስ ነው። የኤኮኖሚ ሊቃውንት ግን ከመቀነሳቸው በፊት ሌላ ነገር ይጠይቃሉ፤ ይኸውም ዕቃው የት ላይ፥ በማን እጅና በስንት ዋጋ ተመዘገበ? የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ጆንያ ቡና ተከትለን እንመልከት።

ቡናው ከአገር ሲወጣ ነጋዴው ለጉምሩክ ዲክላራሲዮን ያቀርባል። በዚህም ወረቀት ላይ የዕቃው ዓይነት፥ ክብደቱ፥ ዋጋውና የሚሄድበት አገር ይጻፋል። ዕቃው በየአገሩ ቋንቋ ብቻ ቢጠራ ኖሮ መዝገቦችን ማስተያየት አስቸጋሪ በሆነ ነበር። ስለዚህ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) አገሮች ለየዕቃው በስምምነት የተወሰነ ቁጥር ይሰጣሉ። የቡና ቁጥር 0901 ነው፤ ካፌይኑ ያልወጣለት ጥሬ ቡና 090111፥ ከተቈላም 090121 ይባላል።

እንግዲህ ጆንያው ጀርመን ደረሰ እንበል። ላኪው አገር የሚመዘግበው ዕቃው መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ ያለውን ዋጋ ነው፤ ይህም ኤፍ. ኦ. ቢ. ይባላል። ተቀባዩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የመርከብ ኪራዩንና ኢንሹራንሱን ጨምሮ ይመዘግባል፤ ይህም ሲ. አይ. ኤፍ. ይባላል። ለምሳሌ ያህል እኛ 300 ዶላር ብለን የጻፍነውን እነርሱ 320 ቢሉት ማንም አልዋሸም። ደግሞም እኛ «ወደ ሆላንድ» ብለን የላክነውን ጀርመን «ከኢትዮጵያ» ብላ ልትመዘግበው ትችላለች፤ ቡናው በሆላንድ ወደብ አልፎ ሄዷልና። ልዩነቱ ከዚህ እጅግ ሲበልጥ ግን ሊቃውንቱ ይጠራጠራሉ። ምናልባት ነጋዴው ቀረጥ ለመሸሽ ወይም የውጭ ገንዘብ ለመደበቅ ዋጋውን አሳንሶ ጽፎ ይሆናል። ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ማስቀመጥ እንደ መስተዋት ነው፤ አንዱ የሸሸገውን ሌላው ያሳያል። በኮንትሮባንድ የሚሄደው ግን በሁለቱም ውስጥ ላይገኝ ይችላል።

ከዚህም በላይ የሚከብድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ገንዘቡን ያገኘው ማን ነው? የሚል ነው። ቡና በማይበቅልባቸው በጀርመንና በኢጣልያ ጥሬው ቡና ተቈልቶ ለውጭ ገበያ በብዛት ይሸጣል፤ የሽያጩም ዋጋ በሙሉ በእነርሱ መዝገብ ይገባል፥ የገበሬው ድካም ግን በውስጡ አለ። ቻይናም በ2009 ዓ.ም. ገጣጥማ የላከችው አይፎን የፋብሪካ ዋጋው 178.96 ዶላር ሲሆን ለመገጣጠሚያ የቀረላት 6.50 ዶላር ያህል ብቻ እንደ ነበረ ተመራማሪዎች አስልተዋል። የጉምሩክ መዝገብ ግን ሙሉውን ዋጋ «ከቻይና የመጣ» ይለዋል። ይህን ለማቃናት በ2013 ዓ.ም. የዓለም የንግድ ድርጅትና የኤኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እያንዳንዱ አገር በዕቃው ላይ የጨመረውን ዋጋ ለይቶ የሚያሳይ ሒሳብ ማውጣት ጀመሩ።

ከተለካ በኋላ ምርምሩ ይቀጥላል። የሆላንዱ ሊቅ ያን ቲንበርገን በ1962 ዓ.ም. እንዳሳየው፥ የሁለት አገሮች ንግድ ኤኮኖሚያቸው በገዘፈ መጠን ይበዛል፥ በመካከላቸው ያለው ርቀት በጨመረ መጠን ደግሞ ይቀንሳል። የተገኘው ንግድ ከሚጠበቀው ሲያንስ አንድ መሰናክል አለ ማለት ነው። በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ሲነሣ የጎረቤታሞቹ ንግድ ተቋረጠ፤ በአሰብ ወደብ ይገባ የነበረው ዕቃችንም ወደ ጅቡቲ ዞረ። በካርታው ርቀት ላይ ግን አንዲት ክንድ እንኳ አልተጨመረችም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ኢትዮጵያ ከምትሸጠው ዕቃ ይልቅ የምትገዛው ይበልጣል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከውጭ የገባ የፋብሪካ መኪናና ከውጭ የገባ ሽቶ በመዝገቡ ላይ ሁለቱም «የተገዛ ዕቃ» ናቸው፤ አንዱ ነገ ያመርታል፥ ሌላው በንኖ ይቀራል። ስለዚህ ጉድለቱን በቁጥር ብቻ አይተን ከማዘናችን ወይም ከመኵራራታችን በፊት የተገዛው ምን እንደሆነ፥ የተሸጠውም ጥሬው ወይስ የተቈላው እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል። ነገ መዝገቡን የምንጽፈው እኛው የዛሬዎቹ ተማሪዎች ነንና።