ሰባት ቀን በውሃ ብቻ… ከዚያስ?

ጾም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። የኦርቶዶክስ ምእመናን በዓመት ወደ 180 ቀን ገደማ የሚጾሙ ሲሆን፣ ካህናቱና መነኮሳቱ እስከ 250 ቀን ያደርሱታል። ሙስሊሙም በረመዳን ከንጋት እስከ መግሪብ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ይውላል። ስለዚህ ሰሞኑን “የውሃ ጾም” የሚባለው ነገር በወጣቶች አፍ ሲዘወተር “ምን አዲስ ነገር አለው?” የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም።

አዲስ ነገርስ አለው! ይህኛው ጾም የሚጾመው ለነፍስ ሳይሆን ለወገብ ነው። ለሦስት፣ ለአምስት፣ ለሰባት፣ ሲብስም ለዐሥራ አራት ቀን ከውሃ በቀር አንዳች ነገር በአፍ አይዞርም። ሲመሽ የሚፈታበት ሰዓት የለውም፤ ንስሐ አባት ወይም ሐኪም “ይበቃሻል” የሚልበትም አይደለም። መካሪው የእጅ ስልክ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ቱርሚ ላይ ያነጋገርኳት አንዲት ወጣት ናት። ስሟን አልጠቅስም። ዕድሜዋ ሃያ አራት ነው፤ ለአገር ጎብኚ ምግብ በማስተናገድ ትተዳደራለች። ሠርጓ ሁለት ወር ሲቀረው ቬሎው አልገባ አላት። በስልኳ ባየችው ምክር መሠረት ሰባት ቀን በውሃ ብቻ ቆየች። “ሦስተኛው ቀን ላይ ራስ ምታቱ ሊገድለኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ረሃቡም ጠፋ፣ ቀለል አለኝ” ትላለች። ቀለል ያላት ልጅ ግን ከአልጋዋ ስትነሳ ግድግዳ ይዛ ነበር የምትራመደው።

ስምንተኛው ቀን ሰኞ ዋለ፤ የቱርሚ ገበያ ቀን። ጓደኞቿ “እንኳን ደስ ያለሽ” ብለው የፍየል ጥብስ በእንጀራ፣ ከላይ ለስላሳ መጠጥ አቀረቡላት። በላች፤ ጠጣች፤ ማታም ደገመች። በማግስቱ እግሯ አበጠ፣ ጉልበቷ ከዳት፣ ልቧ ያለ ሥርዓት ይመታ ጀመር። ተሸክመው ጤና ጣቢያ ሲያደርሷት የጤና ባለሙያው መጀመሪያ የጠየቃት “ምን በላሽ?” ብሎ አልነበረም፤ “ስንት ቀን ሳትበዪ ቆየሽ?” ብሎ እንጂ። ሪፈር ተጽፎላት ጂንካ ገባች፤ ተረፈችም። ሠርጉ ግን ተራዘመ።

ልብ በሉልኝ፤ ልጅቷ የታመመችው ጾሙ ላይ ሳይሆን ሲፈታ ነው!

ሰውነት ሲራብ ምን ያደርጋል?

ጉበታችን ያከማቸው ስኳር አንድ ቀን ገደማ ነው የሚያቆየን። እሱ ሲያልቅ ሰውነት ጡንቻ እየሸረሸረ ስኳር ይሠራል፣ ስብም ያቃጥላል። ከስቡ የሚወጣው ኪቶን የሚባለው ነገር አንጎልን ይመግባል፤ ረሃቡን የሚያደበዝዘውና አፍን የሚያሸተው እሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሚዛን ላይ የሚቀንሰው ኪሎ አብዛኛው ውሃና ጨው ነው፤ እህል ሲቀመስ ተመልሶ ይመጣል።

ጥቅም የለውም አልልም። የደም ግፊትና በደም ውስጥ ያለው የስኳር መጠን ይወርዳል፣ ስብም ይቀንሳል። ሌላው የሚነገርለት “ሰውነት ያረጀ ሴሉን ራሱ ይበላል” የሚለው ነው። በእርግጥም ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ በዚህ ጉዳይ በ2016 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ነገር ግን ምርምሩ የተሠራው በእርሾ ላይ ነው። ሰባት ቀን የተራበ ሰው ዕድሜው ይረዝማል የሚል ማረጋገጫ ከዚያ አይገኝም።

የስኮትላንዱ ሰውዬና የተረሳው ነገር

የውሃ ጾም ሰባኪዎች አንገስ ባርቢየሪ የሚባለውን የስኮትላንድ ሰው ሳይጠቅሱ አያልፉም። ይህ ሰው ከ1965 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. 382 ቀን ሳይበላ ቆይቶ ከ207 ኪሎ ወደ 82 ኪሎ ወርዷል። እውነት ነው። የማይነገረው ግን በሐኪሞች ክትትል ሥር የነበረ መሆኑ፣ ደሙ በየጊዜው ይመረመር የነበረ መሆኑ፣ ቫይታሚንና ፖታሺየም ይሰጠው የነበረ መሆኑ ነው። የእኛዋ ልጅ ደግሞ ያን ያህል የሚያስከሳት ስብም አልነበራት።

በሌላ በኩል በ1981 እ.ኤ.አ. በሰሜን አየርላንድ እስር ቤት በረሃብ አድማ ላይ የነበሩ ዐሥር ሰዎች ውሃ እየጠጡ ነው የሞቱት። ቦቢ ሳንድስ የሞተው በ66ኛው ቀን ነበር። ውሃ ምግብ አይሆንም!

የተራበን ሰው ምግብ ይገድለዋል?

አዎን፣ ሊገድለው ይችላል። በ1945 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሲያበቃ ከእስር ካምፕ የወጡ የተራቡ ሰዎች ጠግበው በበሉ ማግስት ሲሞቱ ሐኪሞች ግራ ተጋብተው ነበር። ምሥጢሩ ይህ ነው፦ ባዶ ሆድ ላይ እንጀራና ስኳር በብዛት ሲወርድ ኢንሱሊን በድንገት ይረጫል። ኢንሱሊኑ በደም ውስጥ የቀረውን ፎስፌት፣ ፖታሺየምና ማግኒዝየም ጠራርጎ ወደ ሴል ያስገባዋል። ደም ውስጥ ሲጎድሉ ልብና ጡንቻ ይታወካል።

ይህን ደቡብ ኦሞ ከሌላው ይበልጥ ሊያውቀው የሚገባ ነው። በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ጤና ተቋም ሲገባ መጀመሪያ የሚሰጠው “ኤፍ 75” የሚባል ቀጠን ያለ ወተት ነው፤ እሱም በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ በጥቂት በጥቂቱ። እናቶቻችንም ቢሆኑ አክፍለው የትንሣኤ ሌሊት ሲፈስኩ በተልባ ሆድ ሳያለሰልሱ ወደ ዶሮው አይሄዱም። ስልኩ ግን ይህን አልነገራትም።

ሙቀቱና ወባው

ቱርሚ ቆላ ነው። ላብ ውሃ ብቻ ሳይሆን ጨውም ይዞ ይወጣል። ምግብ የማይበላ ሰው ባዶ ውሃ አብዝቶ ቢጠጣ የደሙ ጨው ይቀጥናል፤ ራስ ምታት፣ መዘባረቅ፣ እስከ መንቀጥቀጥ ያደርሳል። ወባም አለ። ወባ ራሱ የደም ስኳርን ያወርዳል፤ ብዙዎቻችን የምንወስደው ኮአርተም ደግሞ በደንብ እንዲሠራ ቅባት ካለው ምግብ ጋር መወሰድ አለበት። እየጾሙ መታከም የሚሉት ነገር እዚህ ላይ አይሠራም።

ገበያው ውስጥ የቡና ገለፈት በቅል ይጠጡ የነበሩ አንዲት የሐመር እናትን በአስተርጓሚ ስለዚህ ጉዳይ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። “እኛ ዝናብ ሲቀር ሳንወድ እንራባለን፤ እህል ያለው ሰው ምን ሆኖ ይራባል?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

• የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮችና አጥቢዎች፣ ከ18 ዓመት በታች የሆናችሁ፣ የልብ፣ የኩላሊት፣ የሪህ ወይም የጨጓራ ሕመም ያለባችሁ፣ በተፈጥሯችሁ ቀጫጭኖችም ጭምር አትሞክሩት።

• ክብደት መቀነስ ካስፈለገ እራትን ቀደም አድርጎ እስከ ጠዋት መቆየት፣ ለስላሳ መጠጥና ቅባት መቀነስ፣ በእግር መሄድ ይሻላል። ያዘግማል እንጂ ይደርሳል።

• ትኩሳት፣ መደናገር፣ ራስን መሳት ወይም የልብ ምት መዛባት ካለ ጾሙ ይቁም፤ ጤና ጣቢያ ይኬድ።

• ከአምስት ቀን በላይ ሳይበላ የቆየ ሰው ቤት ውስጥ ድግስ አይደገስለት። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከሚያስፈልገው ግማሽ እንዳይበልጥ ያዛል። ሐኪም ያስጀምረው፤ ቫይታሚን ቢ1 የሚሰጠውም እሱ ነው።

• ጓደኛችሁ እየጾመች ከሆነ “ጎበዝ” ከማለታችሁ በፊት “በምን ልትፈቺው ነው?” ብላችሁ ጠይቋት።

ልጅቷ አሁን ደህና ናት። ቬሎው ለልብስ ሰፊ ተሰጥቶ በሁለቱም ጎን ሰፋ ተደረገ። ይኸው ነበር መፍትሔው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ እንኳ አልፈጀም።

ቸር ሰንብቱ!