ዕቃውን ማን ያጥባል? ስለ አንዲት አሮጌ ባለጎማ ማሽን



በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ዴሞክራሲ፣ ስለ ፌዴራሊዝምና ስለ ታሪክ ብዙ ጽፈናል፤ ብዙም ተከራክረናል። ክርክሩ የሚደምቀው አብዛኛውን ጊዜ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ በአንዱ ወዳጃችን ሳሎን ውስጥ፣ እንጀራው ተበልቶ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሲሻገር ነው። ስለ ሰው ልጆች እኩልነት በሚገባ ስንተነትን ታዲያ ከግድግዳው ወዲያ የውሃ ድምፅና የሳህን መንኳኳት ይሰማል። በዚያ ሰዓት ዕቃውን የምታጥበው ማን እንደሆነች ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ ድምፅ ነው።

ዕቃ ማጠብ ለእኛ እንግዳ ሥራ አይደለም። ዲግሪያችንን በሻንጣ ይዘን ከመጣነው መካከል ስንቶቻችን ነን የመጀመሪያዋን የዶላር ደመወዛችንን በሆቴልና በሬስቶራንት ጓዳ ያገኘነው! እኔም ሁለት ዓመት ያህል «ዲሽ ዋሸር» ተብዬ ሠርቻለሁ። የሚገርመው ግን በሰዓት ሲከፈልበት የወንድ ሥራ የነበረው ነገር፣ ቤት ሲገባ ተመልሶ የሴት ሥራ መሆኑ ነው። ይህን ጉዳይ በንድፈ ሐሳብ ብቻ ከመተንተን ይልቅ፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እቤቴ ስለምትሠራ አንዲት አሮጌ ባለጎማ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ላጫውታችሁ። ላገኛት ለሚፈልግም እንዴት እንደምትገኝና እንዴት እንደምትሠራ በቅደም ተከተል አስረዳለሁ።

የማሽኗ የዘር ሐረግ

እ.ኤ.አ. በ1850 ጆኤል ሆውተን የተባለ አሜሪካዊ ከእንጨት የተሠራና በእጅ የሚዞር የዕቃ ማጠቢያ ፓተንት አወጣ። ውሃ ዕቃው ላይ ከመርጨት ያለፈ እምብዛም የረባ ሥራ አልነበራትም። ነገሩን ከቁም ነገር ያደረሰችው በኢሊኖይ ግዛት፣ ሼልቢቪል በምትባል ከተማ ትኖር የነበረችው ጆሴፊን ኮክረን ናት። ኮክረን የተመቻት ሴት ወይዘሮ ነበረች፤ ዕቃ አጠባ ያስመረራት ራሷ ስላጠበች ሳይሆን ሠራተኞቿ ውድ ሳህኖቿን እየሸረፉ ስላስቸገሯት ነው ይባላል። በ1883 ባለቤቷ ዕዳ ጥሎባት ሲሞት ግን ነገሩ የኑሮ ጉዳይ ሆነ። ጆርጅ በተርስ በተባለ መካኒክ እየታገዘች ሠራችና ታኅሣሥ 28 ቀን 1886 ፓተንቷን ተቀበለች።

የኮክረን ብልሃት ቀላልና ትልቅ ነበር። ሳህኑን፣ ስኒውንና ጎድጓዳውን እየለካች ለየመጠናቸው ከሽቦ ማስቀመጫ ሠራች፤ ዕቃው ከተቀመጠበት ሳይነቃነቅ የሞቀ የሳሙና ውሃ በግፊት እንዲመታው አደረገች። በ1893 በቺካጎ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ማሽኗ ታየችና ስሟ ገነነ። የገዟት ግን ሆቴሎችና ሬስቶራንቶች እንጂ ቤተሰቦች አልነበሩም፤ በዚያን ዘመን አብዛኛው መኖሪያ ቤት ለእንዲህ ያለ ማሽን የሚበቃ የሞቀ ውሃ አልነበረውም። ኮክረን በ1913 አረፈች። ኩባንያዋን በ1926 ሆባርት ገዛው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዛሬም በሬስቶራንት ጓዳ የሆባርት ማሽን ፊት ቆሞ ላቡን የሚያፈሰው ወገናችን የዚችው ወይዘሮ የልጅ ልጅ ከሆነች ማሽን ጋር ነው የሚውለው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማሽኗ ወደ መኖሪያ ቤት ስትገባ፣ ወጥ ቤቱን አፍርሶ ማሠራት ለማይችለውና ለተከራዩ ሰው ባለጎማዋ ዓይነት ወጣች። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የነበሩት ብዙዎቹ እንደ ሣጥን ከላይ የሚከፈቱ ነበሩ። በ70ዎቹ ደግሞ ከፊት የሚከፈቱት፣ ከላይ የእንጨት መክተፊያ የተገጠመላቸውና በዘመኑ ፋሽን አቮካዶ አረንጓዴ ወይም ወርቃማ ቢጫ የተቀቡት በዙ። የእኔዋ ከነዚህ አንዷ ናት።

አሮጌ ለምን?

አዳዲስ ባለጎማ ማሽኖች ዛሬም ይሸጣሉ፤ ዋጋቸው ግን በመቶዎች ዶላር ነው። እኔ 40 ዶላር ነው የከፈልኩት። ከዋጋው በላይ የማረከኝ ግን አሠራሯ ነው። አንጎሏ ኮምፒዩተር ሳይሆን ታይመር ነው፤ አንዲት ትንሽ ሞተር ጥርስ ያለውን ክብ ቀስ እያለች ታዞራለች፣ ጥርሱ በየተራ ውሃውን፣ ፓምፑንና ሬዚስታንሱን ያበራል፣ ያጠፋል። ምጣዱን ፈትቶ የተበጠሰ ሬዚስታንስ የሚቀጥል ሰው ይህችን ማሽን ከፍቶ ሲያይ ግራ አይገባውም። ደግሞም ስንት ጊዜ ነው ከአፓርታማ አፓርታማ የምንለዋወጠው? ባለጎማዋ ያለ ቧንቧ ሠራተኛ ትገጠማለች፤ ስንለቅም አብራን ትሄዳለች። አንዳንድ የኪራይ ውል ግን እንዲህ ያለውን ማሽን ስለሚከለክል አስቀድሞ ውሉን ማንበብ ነው።

ፍለጋው

ጥሩው ቦታ ሰው ሲሞት ወይም ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲገባ የቤት ንብረቱ ሁሉ ወጥቶ የሚሸጥበት ቤት ነው። የእኔዋን ያገኘኋት በሜሪላንድ እንዲህ ባለ ሽያጭ ላይ ነው። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚያስተዳድሯቸውን የአሮጌ ዕቃ መደብሮችና የክሬግስሊስትን ማስታወቂያዎችም ማየት ያዋጣል። ከመግዛት በፊት የሚከተሉትን መመርመር ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ከቧንቧው ጋር የምትያያዝበት ማገናኛ ከነጎማ ቱቦው መኖሩን። ማገናኛው ከጠፋ፣ ለአሮጌ ማሽን የሚገጥም ማግኘት ከማሽኗ ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ የውስጥ ገላዋ ዝገት እንዳለው። የሽቦ መደርደሪያው ልባስ እዚህም እዚያም ቢላቀቅ ግድ የለም፤ ገላዋ ተበስቶ ከሆነ ግን ትቶ መሄድ ነው። ሦስተኛ፣ የበሩ ጎሚኒ አለመድረቁንና አለመሰነጣጠቁን። አራተኛ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ አለመላጡንና ሦስት እግር ያለው ሶኬት መሆኑን። አምስተኛ፣ የሚቻል ከሆነ እዚያው ተሰክታ ስትሠራ ማየት። ለዓመታት ቆማ የነበረች ማሽን ጎሚኒዎቿ ስለሚደርቁ መጀመሪያ ላይ ልታንጠባጥብ ትችላለች፤ የእኔዋም አንጠባጥባ ነበር፣ አንድ ጎሚኒ ሲለወጥላት ተወች። ለማጓጓዝ ሁለት ጠንካራ ሰዎች ያስፈልጋሉ።

የራስንም ቧንቧ ማየት ይገባል። ከአፉ ላይ ያለችው ወንፊት ተፈትታ በምትኩ ማገናኛው ስለሚጠመዘዝ፣ አፉ ጥርስ ያለው መሆን አለበት። እየተሳበ የሚወጣው ዘመናዊ ቧንቧ ለዚህ አይሆንም።

ስትሠራ

ብዙ ሰው ማሽኗ ዕቃውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ የምታጥብ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ከሥር ጥቂት ውሃ ትይዛለች፤ ፓምፑ ያንኑ ውሃ ደጋግሞ እየሳበ በሚሽከረከር ክንድ ቀዳዳዎች በኩል ዕቃው ላይ ይረጨዋል። የቆሸሸውን ታፈስሳለች፣ አዲስ ትሞላለች፣ እንደገና ትረጫለች። ስለዚህ የሳህኑ የቆሸሸ ፊት ወደ ውሃው መዞር አለበት፤ ሳህን በሳህን ላይ ከተደራረበ ውሃው አይደርስበትም።

አጠቃቀሙ ይህን ይመስላል። ማሽኗን ወደ ሲንኩ ገፍቶ ማስጠጋት፤ የሞቀውን ውሃ ከፍቶ በደንብ እስኪሞቅ ማፍሰስ፣ ወደ 120 ዲግሪ ፋራናይት ወይም 49 ሴንቲግሬድ ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ ዘግቶ ማገናኛውን መግጠምና የሞቀውን ውሃ መልሶ መክፈት። ገመዱ ከግድግዳ ሶኬት ላይ በቀጥታ ይሰካል፤ በማከፋፈያ ገመድ መሰካት ለእሳት አደጋ ያጋልጣል። በዚያው መስመር ላይ ማይክሮዌቭ አብሮ ማሠራትም ብሬከር ያስወርዳል። የቆሸሸው ውሃ በዚያው ማገናኛ በኩል ሲንኩ ውስጥ ይፈስሳል። ሲያበቃ መጀመሪያ ቧንቧውን ዘግቶ፣ ማገናኛው ላይ ባለችው ቁልፍ የቀረውን ግፊት አስተንፍሶ፣ ከዚያ መንቀል ነው። ቧንቧው ሙሉ ሰዓቱን ክፍት ስለሚቆይ ማሽኗን እያሠሩ ከቤት መውጣት አይገባም። ታች ያለው ጎረቤት ጣሪያው ማንጠባጠብ ሲጀምር በሩን የሚያንኳኳው የእናንተን ነው።

የሳሙናውም ነገር ብልሃት ይጠይቃል። የእጅ ዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በፍጹም አይገባባትም፤ አረፋው በበሩ ገንፍሎ ወለሉን ያጥለቀልቀዋል። ሌላው ብዙዎች የማያውቁት፣ እነዚህ ማሽኖች የተሠሩት የማሽን ሳሙና ፎስፌት በነበረበት ዘመን መሆኑን ነው። ፎስፌት ወንዝና ሐይቅ ስለሚበክል እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2010 ጀምሮ በ16 የአሜሪካ ግዛቶች በቤት ውስጥ የማሽን ሳሙና ላይ ጥብቅ ገደብ ተጣለበት፤ አምራቾቹም በየቦታው ቀነሱት። ስለዚህ ዛሬ ኢንዛይም ያለበትን ዱቄት ሳሙና መምረጥ፣ ነጭ ቅሪት ሲታይም ባዶዋን በሲትሪክ አሲድ ማሠራት ያስፈልጋል።

የእኛ ዕቃና የእሷ ጠባይ

የአሜሪካኑ መመሪያ መጽሐፍ ስለ እንጀራ የሚለው ነገር የለም። ትሪ ላይ የደረቀ እንጀራ ስታርች ነው፤ ከደረቀ እንደ ሙጫ ይይዛል። በአሮጌ ማሽን ውስጥ ቁርጥራጩ ማጣሪያውን ይደፍናል። ስለዚህ በሆቴል ጓዳ እንደተማርነው መጀመሪያ መጥረግ፣ ከዚያ ጥቂት ማርጠብ ነው፤ የቀረውን ስታርች የሳሙናው ኢንዛይም ይሰባብረዋል። የበርበሬ ቀለም ደግሞ በዘይት የሚሟሟ ስለሆነ የወጡ ቅባት ባለበት ሁሉ ይሄዳል፤ ሸክላና ብርጭቆ ላይ አይቆይም፣ ፕላስቲክ ላይ ግን ይቀራል። የእርድም እንዲሁ። እርድ የነካው ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ ሲውል ቀለሙ ይለቃል።

ጀበናና የሸክላ ድስት ማሽን አይገቡም፤ ሸክላ ሳሙናውን መጥጦ ለቡናው መልሶ ይሰጣል። የእንጨት ማማሰያ ይሰነጠቃል። የአልሙኒየም ድስትና ትሪ በማሽን ሳሙና ይጠቁራሉ። ጠርዙ በወርቅ ቀለም የተቀባው የእንግዳ ስኒ ወርቁን በጥቂት ጊዜ ያጣል፤ እሱን በእጅ ማጠብ ነው።

የውሃው ሒሳብ

«አሮጌ ማሽን ውሃ ትጨርሳለች» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ትክክል ነው፤ የእኔዋን የሚወጣውን ውሃ በባልዲ ተቀብዬ ስለካው በአንድ ዙር 11 ጋሎን ያህል፣ ማለትም ወደ 42 ሊትር ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአሜሪካ ለአዳዲስ መደበኛ ማሽኖች የተፈቀደው ግን ቢበዛ 5 ጋሎን ነው። የእጅስ አጠባ? ለወጥ ቤት ቧንቧ በፌዴራል ደንብ የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን በደቂቃ 2.2 ጋሎን ነው። ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ቧንቧ በአምስት ደቂቃ 11 ጋሎን ያፈስሳል ማለት ነው። የጀርመኑ ቦን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአውሮፓ አገሮች የመጡ ሰዎችን የ12 ሰው ዕቃ በእጃቸው አሳጥበው ሲለኩ በአማካይ 103 ሊትር ውሃ አጥፍተዋል።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ሌላውንም ልናገር። በ2020 የወጣ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንዳሳየው፣ ውሃ ሳያፈስሱ በአንዱ ገንዳ በሞቀ ዘፍዝፎ በሌላው በቀዝቃዛ የሚያለቀልቅ ሰው በአየር ብክለት ረገድ ከማሽን ይሻላል። እናቶቻችን በሁለት ሳፋ ያጥቡ የነበረው ይህንኑ ነው! ስለዚህ አሮጌዋን ማሽን የማሠራት ደንቤ ሁለት ነው፤ ካልሞላች አትነሳም፣ ማድረቂያው አይበራም። ሲያበቃ በሩ ይከፈታል፤ ዕቃው በራሱ ይደርቃል።

ታዲያ ማን ያጥባል?

አሜሪካዊቷ የታሪክ ምሁር ሩት ሽዋርትዝ ኮዋን በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ የቤት ውስጥ ማሽኖች የእናቶችን ሥራ ቀነሱ የሚለውን እምነት ሞግታለች። ማሽኑ ድካሙን ሲቀንስ የሌሎቹን የቤተሰብ አባላት እጅ ከሥራው አወጣ፣ የቀረው ሥራ ሁሉ በእናት ላይ ተጠቀለለ የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። በእኛ ቤቶች ይህ ሲፈጸም አይቻለሁ። «ማሽን ገዝቼላታለሁ» የሚል ባል ትሪውን አያነሳም፣ ፍርፋሪውን አይጠርግም፣ አይደረድርም፣ አያወጣም። ማሽኗ ደግሞ ከነዚህ አንዱንም አትሠራም።

ስለዚህ ባለጎማዋ ማሽን ወደ ቤት ስትገባ አብሮ መግባት ያለበት የሥራ ክፍፍል ነው። በእኛ ቤት የበላ ሁሉ ሳህኑን ጠርጎ ያመጣል፤ መደርደርና ማሠራት የእኔ፣ ማውጣት የልጆች ነው። ጀበናውን ባለቤቴና እኔ በየተራ እናጥባለን። ማሽኗ በጣም ትጮኻለችና እሁድ ከሰዓት የሚመጡት ወዳጆቼ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይከራከራሉ። ባለቤቴም ከእነሱ ጋር ተቀምጣ ትከራከራለች፤ ብዙ ጊዜም የምትረታው እሷ ናት።

አንድ ማኅበረሰብ ስለ እኩልነት ያለውን እምነት ከመግለጫው ይልቅ ከማዕዱ በኋላ ማን እንደሚነሳና ማን እንደሚቀመጥ በማየት ማወቅ ይቻላል። ለዚህ ፈተና 40 ዶላርና አንድ የቧንቧ ማገናኛ ይበቃሉ፤ ከመቀመጫ ለመነሳት ደግሞ እነሱም አያስፈልጉም።

ቸር እንሰንብት።