ሦስት ጣት ትርፍ

ታኅሣሥ ሲጋመስ ለደብረ ታቦር ልብስ ሰፊ እንቅልፍ የለም። የጥር ሙሽሮች ይመጣሉ፤ አንዳንዷ ከእናቷ፣ አንዳንዷ ከሚዜዎቿ ጋር፣ ሁሉም ግን ስልካቸውን ይዘው። ከእነዚህ አንዷ ሁለት ፎቶ አሳየችኝ። የመጀመሪያው የአያቷ ነው፤ በወጣትነታቸው ሰፊ ሽንሽን ቀሚስ ለብሰው፣ መቀነት ታጥቀው የተነሡት። ሁለተኛው የድሮ እንግሊዛዊት ናት፤ አንገቱ እስከ አገጭ የዘለቀ፣ እጅጌው ከትከሻ ላይ ቡፍ ያለ፣ ወገቡ ግን በሁለት መዳፍ የሚታቀፍ ቀሚስ ለብሳለች።

«እትየ፣ የድሮ ጨዋ ቀሚስ ነው የምፈልገው» አለችኝ። «ጥበቡ ያገራችን ይሁን፤ ውስጡ ኮርሴት ይግባበት።»

እናትየው ጣልቃ ገቡ። «ጨዋ ካልሽማ እንደ እማማ ሰፋ ይበላ!»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ዳኝነቱ ለመቀሴ ተተወ።

በዚህ ጉዳይ የምፈርደው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንዲት ሙሽራ ልክ እንደዚህ ያለ ቀሚስ ሰፍቼ ነበር። ጥልፉ ያማረ፣ ርዝመቱ መሬት የሚጠርግ፣ አንገቱ የተዘጋ። ከላይ እስከ ታች የተጋለጠ ነገር አልነበረውም። ወገቡን ግን በኮርሴት አጥብቄ፣ ከጀርባ በገመድ አሰርሁት። መስታወት ፊት ቆማ ስታየው እንባዋ መጣ፤ እኔም በሥራዬ ኮራሁ። የሠርጉ ዕለት ተጠርቼ ሄድሁ። ከቤት የምትወጣበት ሰዓት ደርሶ የአያቷን ጉልበት ልትስም ስትል መጎንበስ አቃታት። ከወገቧ በላይ እንደ ጣውላ ቀጥ ብላ ቀረች። ሚዜዎቿ ክንዷን ይዘው ዝቅ ሊያደርጓት ሲሞክሩ ከጀርባዋ ገመዱ ተበጠሰ። በመጨረሻ አሮጊቷ ሰው ደግፏቸው ተነሡና እሳቸው ሳሟት። ሰዉ ሳቀ፤ እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። ጨዋ ቀሚስ ሰፋሁ ብዬ የጨዋ ልጅ ወግ ከለከልኋት።

ከዚያ በኋላ ነው ሙሽሮቻችን የሚያሳዩኝን የቪክቶሪያ ዘመን ልብስ በልብስ ሰፊ ዓይን ማጥናት የጀመርሁት። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ከ1837 እስከ 1901 እ.ኤ.አ. ነግሠዋል። ዛሬ «ቬሎ» የምንለው ነጭ የሠርግ ልብስ ዓለምን እንዲያዳርስ መንገድ የከፈተው እሳቸው በ1840 ልዑል አልበርትን ሲያገቡ የለበሱት ነጭ ሐር ነው። ዳንቴሉን የሠሩት ያገራቸው የዴቨን ሴቶች ነበሩ። ንግሥቲቱ ያገራቸውን እጅ ሥራ ለብሰው ለመታየት መምረጣቸውን ሳነብ፣ ሸማኔዎቻችን ትዝ አሉኝ፤ ወደድኋቸው።

የዘመኑ ጨዋነት ግን ፎቶው ላይ እንደሚመስለው አልነበረም። አንገት እስከ አገጭ የሚሸፈነው በቀን ነው። ማታ ለግብዣ ሲወጣ ትከሻና ደረት ይገለጥ ነበር። በንግሥቲቱ ፊት የምትቀርብ ወይዘሮ ደረቱ ዝቅ ያለ ቀሚስ እንድትለብስ የቤተ መንግሥቱ ደንብ ያስገድዳት ነበር፤ በዕድሜ ወይም በሕመም ምክንያት መሸፈን የፈለገች ፈቃድ መጠየቅ ነበረባት። ከ1856 ወዲህ ደግሞ ከቀሚሱ ሥር የብረት ቀለበት የተደረደረበት ክሪኖሊን ገባ። ቀሚሱ እንደ ድንኳን ስለሚዘረጋ የምድጃ እሳት ያገኘው ጊዜ ለባሿ ማምለጫ አልነበራትም፤ ብዙ ሴቶች ተቃጥለው ሞተዋል። መከራው የመረራቸው ሴቶች በ1881 ለንደን ላይ ለአካል የሚስማማ ልብስ የሚጠይቅ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ የውስጥ ልብስ ክብደት ከሰባት ፓውንድ፣ ማለትም ከሦስት ኪሎ ከሩብ ገደማ፣ እንዳይበልጥ ጠየቀ። ሦስት ኪሎ እንደ ማቅለያ ከተቆጠረ፣ በፊት የተሸከሙትን መገመት ነው።

ለእኛ አገር ሴት ልብስ ለማነጻጸሪያ የሚሆነኝ በዚያው ዘመን የተሰፋ አንድ ቀሚስ አለ። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1861 እ.ኤ.አ. የተወለደው እዚሁ ደብረ ታቦር ነው። በ1868 መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር ጭኖ ከወሰደው ንብረት መካከል የልዑሉ እናት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ እንደነበረ የሚነገርለት ቀሚስ ይገኝበታል። እቴጌይቱ ከጦሩ ጋር ሲጓዙ መንገድ ላይ ሞተው ጨለቆት ተቀበሩ፤ ቀሚሱ ግን ለንደን ገባ። ዛሬም ያለው በእኚያው ንግሥትና በባላቸው ስም በሚጠራው በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የመቅደላ 150ኛ ዓመት ሲታሰብ ለሕዝብ ታይቷል።

ፎቶውን እንደ ልብስ ሰፊ አየሁት። የጥጥ ቀሚስ ነው፤ ጌጡ በሐር ክር የተጠለፈ። የእንግሊዝ ወይዛዝርት በብረት ቀለበት ውስጥ በሚሄዱበት በዚያ ጊዜ፣ የእኛ እመቤት ክብራቸውን ያስታወቁት በጥልፉ ነው። ወገባቸውን ማንም አልጎተተውም።

ያገራችን ሴት ወገቧን አታስርም ማለት አይደለም፤ መቀነት አላት። መቀነትና ኮርሴት ግን አንድ ሙያ አይደሉም። መቀነቱን ባለቤቷ ራሷ ትጠመጥመዋለች። እንጨት ልትሸከም ስትል ታጠብቀዋለች፤ እህል ስትቀምስ ታላላዋለች፤ ገንዘቧን ትቋጥርበታለች። እኔ የሰፋሁት ኮርሴት ግን የሚታሰረው ከጀርባ ነው፤ የሚያጠብቀው ሌላ ሰው ነው።

ይህን ስል የድሮው ሁሉ ወርቅ ነበር ማለቴ አይደለም። ጨዋነት የሚለው ቃል ስንት ልጃገረድ አንገቷን እንድትደፋና አፏን እንድትዘጋ አገልግሏል። አንዲት አሮጊት ደንበኛዬ ስለ ሰፊ ቀሚስ ሳወራ ሰምተው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ጨዋ ስለሆንን ብቻ ሰፊ የለበስን መሰለሽ? ያው አንዱ ቀሚስ እርግዝናውንም ጡት ማጥባቱንም ሊያደርሰን እኮ ነው!» አሉኝ። የጉና ተራራ ብርድም ሌላው ምክንያት ነው፤ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትኖር ሴት ትከሻዋን የምትሸፍነው ለሰው ዓይን ብላ ብቻ አይደለም። ደግሞም ከድሮው ወግ የማይመቸውን መተው ይቻላል። ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል ሲባል በኖረበት አገር፣ እዚሁ አቅራቢያችን ፎገራ ውስጥ ዙምራ ኑሩ በመሠረቱት በአውራ አምባ ማኅበረሰብ ሴቶች መሸመኛው ላይ ተቀምጠው ሸማ ይሠራሉ። ሸማው ሸማነቱን አላጣም።

አሮጊቷ ያሉት ግን ለሙያዬ ትልቅ ትምህርት ሆነኝ። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ቀሚስ የጎን ስፌት ውስጥ ሦስት ጣት ትርፍ እተዋለሁ። ከውጭ አይታይም። ሙሽራዋ ስትፀንስ ይፈታላታል፤ ስትከሳ ይገባላታል፤ ልጇ ስታድግ ለልጇ ይሆናል። ሴት ፈትላው ሸማኔ የደከመበትን ጥበብ ለአንድ ቀን ፎቶ ብሎ ልክክ አድርጎ መቁረጥ ግፍ ይመስለኛል።

ለዘንድሮዋ ሙሽራም የፈረድሁት ይህንኑ ነው። ከእንግሊዛዊቷ የተዘጋውን አንገትና ቡፍ ያለውን እጅጌ ወሰድሁላት፤ ያምራል፣ አይጎዳም። ከአያቷ ስፋቱንና መቀነቱን ወሰድሁላት። ኮርሴቱን አስቀረሁት። መጀመሪያ ከንፈሯን ጣለች። ቀሚሱ አልቆ ስትለካው ግን መስታወቱን በጨርቅ ሸፈንሁና «እስቲ የእናትሽን ጉልበት ሳሚ» አልኋት። ጎንበስ አለች፤ ሳመች፤ ቀና አለች። እናትየው «እደጊ፣ ተመንደጊ» ብለው መረቁ። ልጅቱ መቀነቷን በገዛ እጇ አጠበቀች፤ ከዚያ ነው መስታወቱን የገለጥሁላት።

አሁን ይህ የስፌት ቤቴ ሕግ ሆኗል። ጎንብሳ ሳላያት ለማንም ሙሽራ የመጨረሻዋን ክር አልቋጥርም። እናንተም ለልጃችሁ የሠርግ ቀሚስ ስታሰፉ፣ እንዴት እንደሚያምር ከማየታችሁ በፊት ጉልበት ያስም እንደሆነ ሞክሩት።